ተዘቅዝቆ የተነበበ ደብተር

የያዙኝ ሞጣ፣ ከተከራየሁበት ቤት ደጃፍ ላይ፣ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ሳለ ነው። አራት ነበሩ። ሦስቱ እኔን ይዘው ቆሙ፣ አራተኛው ገብቶ ቤቴን ፈተሸ። ሲወጣ የያዘው አንድ ባለ ካሬ ደብተርና በላዩ የተሰካውን ቀይ እስክሪብቶዬን ነበር። ደብተሩን እንደ ሞተ አይጥ በጫፉ አንጠልጥሎታል። ለአለቃው ገልጦ አሳየው። አለቃው አየና "በቃ፣ ይኸው ነው" አለ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ነበረኝ።

በፒክአፕ ወደ ቢቸና ወሰዱኝ። ለምን እዚያው ሞጣ እንዳላሰሩኝ የነገረኝ የለም፤ ቦታው ሞልቶ ይመስለኛል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስለነበር ማንን ለምን እንደያዙ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅባቸውም። ጉንደ ወይንን ስናልፍ የገበያ ቀን ነበር። ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ይተማል። ፒክአፑ ጡሩምባ እየነፋ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየኝ አንድም ሰው አልነበረም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አላይም ነበር።

ያሰሩን ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፦ የነቀዝ መድኃኒት፣ የብዙ ሰው ላብ፣ በሩ ጥግ የተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን። የጀሪካኑ አፍ በቢላ ተቆርጦ ሰፍቷል፤ ለምን እንደሰፋ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። የተሰጠኝ ቦታ ከጀሪካኑ ሦስተኛው ነው፤ አዲስ ገቢ ከዚያ ጎን ይጀምራል። ያን ሽታ ዛሬም አልተገላገልኩትም። በእህል ወፍጮ ደጃፍ ሳልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ አብረውኝ የሚሄዱት ይስቁብኛል።

ስለ ደብተሩ ልናገር።

ሞጣ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ አሉ። ቤተሰባቸው ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው የኖረ ነው። ከአባታቸው የወረሱት አንድ ትልቅ ሬዲዮ አላቸው፣ የእንጨት ሣጥን ያለው፣ ውስጡ በቫልቭ የሚሠራ። ቫልቭ ማለት ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት ድምፅ ታጎላ የነበረች የመስታወት ቱቦ ናት፤ ስትሞቅ ውስጧ እንደ ፍም ትቀላለች። ሬዲዮው ዝም ካለ ዘመን ቆጥሯል። አንድ ቀን የሱሪ ጨርቅ ልገዛ ገብቼ መደርደሪያው ላይ አየሁትና፣ ስለሱ ብዙ ለፈለፍኩ መሰለኝ፣ ሐጂ አውርደው ፊቴ አስቀመጡት።

"ጣቢያ ባይዝም ግድ የለኝም" አሉኝ። "ይኼ ሣጥን እኔ ሳልሞት አንድ ጊዜ መንዙማ ያሰማኝ። ከስልክም ይሁን ከየትም።"

ጣቢያ መያዣው እንደማይድን ወዲያው አየሁ። ሦስቱ ቫልቮች ግን ደህና ነበሩ፤ አንዷ ድምፅ አውጪዋ፣ ሁለቱ ረዳቶቿ። በነሱ የእጅ ሥራ አምፕሊፋየር ሠርቼ እዚያው ሣጥን ውስጥ ላስገባላቸው ቃል ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ልወስን ያልቻልኩት ሰርኪዩቱን፣ ዕቃዎቹ የሚገጣጠሙበትን ንድፍ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባለ ነጠላ ነው፦ አንዲት ቫልቭ ድምፁን ሁሉ ብቻዋን ትሸከማለች። ጉልበቷ ትንሽ ነው፣ ግን የሬዲዮው የራሱ ትራንስፎርመር ይበቃታል። ሁለተኛው ባለ ጥንድ ነው፦ ሁለት ቫልቮች እየተቀባበሉ፣ አንዷ ስታርፍ ሌላዋ እየሠራች፣ ድምፁን እጥፍ ድርብ ያወጡታል። ለዚህ ግን ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከሐጂ ድምፅ አውጪ ቫልቭ ጋር የምትጣመረዋን ደጀን ላይ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘኋት። ደክማለች። መድከሟን እያወቅሁ ባለ ጥንዱን አልተው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ለሐጂ አስቤ አይደለም፤ በአካባቢው ባለ ጥንድ የሠራ ሰው ስለማላውቅ፣ የመጀመሪያው ልሁን ብዬ ነው። ሁለቱን ሰርኪዩቶች በአንድ ገጽ ግራና ቀኝ ሥዬ፣ ከሥራቸው ጥቅምና ጉዳታቸውን ዘርዝሬ፣ ጥጉ ላይ "ሦስቱ ከሐጂ" ብዬ ጽፌ ነበር። በገዛ እጄ። ያን እጄን ስንት ቀን እንደረገምኩት አልቆጠርኩም።

የመረመረኝ ሰው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። አይሳደብም። የመጀመሪያ ቀን ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥፍሩን እየቆረጠ አገኘሁት። ቁራጩ የደብተሬ ገጽ ላይ ይረግፋል።

"ይኼ ምንድን ነው መምህር?"

"አምፕሊፋየር ነው። ድምፅ ማጉያ።"

"የትኛው?"

"ሁለቱም።"

"ላንድ ሰው ሁለት ማጉያ ምን ያደርግለታል?"

"አንዱን ልመርጥ ነበር።"

"እንግዲያው ምርጫውን እናቅልልልህ" አለ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ቆርጦ ጨረሰና ቀጠለ። "ከሁለቱ አንዱ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። የትኛው እንደሆነ ታሳየናለህ። ይኼ 'ሐጂ' ያልከው ደግሞ ማን እንደሆነ ትነግረናለህ። ሁለት ነገር ነው፤ ከዚያ ወደ ቤትህ።"

"ሞጣ ላይ ሐጂ ያልተባለ ነጋዴ መቁጠር ይቀላል" አልኩት። "ዕቃውን ያገኘሁት ደጀን ነው። ሰውዬው መንገደኛ ነበር፣ ስሙን አልጠየቅሁም።"

"እንዳሻህ።"

ጥፍሮቹን በመዳፉ ጠርጎ ወደኔ በኩል አራገፋቸው። አንዷ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። እጄ በካቴና ታስሮ ስለነበር ማራገፍ አልቻልኩም፤ ሱሪዬ ላይ ተጣብቃ አብራኝ መጋዘን ገባች። እዚያ ግቢ ውስጥ የተደረገብኝን ሌላውን ሁሉ ለሰው ተናግሬዋለሁ። ይህችን ጥፍር ግን ገና ዛሬ መጻፌ ነው፤ ስጽፋትም ይቀፈኛል።

ሐጂ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስኳር አለባቸው፣ መርፌያቸው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ወጣት በተቅማጥ ሦስት ቀን ተኝቶ ክኒን የሚሰጠው አልተገኘም። ሐጂ እዚያ ቢገቡ አንድ ሳምንት እንደማይቆዩ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ቀላል ነበር፦ ያቺ ስም ከአፌ ከወጣች እሳቸው ይሞታሉ።

ከጎኔ የሚተኙት አናጢ ነበሩ፣ የጉንደ ወይን ሰው። የያዟቸው ሊሠራለት ለማይገባ ሰው የሬሳ ሣጥን ሠርተሃል ተብለው ነው። "ሬሳ ምን ጥፋት አለበት ብዬ" ይሉ ነበር። ሌላ አይጨምሩም። ሌሊት ትኋን ሲበላን ሁላችንም እንራገማለን፣ እሳቸው ግን እየለቀሙ ግድግዳው ላይ በአውራ ጣታቸው ይደፈጥጣሉ። ግድግዳው በኛው ደም ተዥጎርጉሮ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ "እንዲያው ምን ብትሥል ነው ይኼ ሁሉ የመጣብህ?" አሉኝ።

ወለሉ ላይ የእህል ብናኝ አልጠፋም። በጣቴ ሣልኩላቸው። ለቫልቭ ባቄላ ተጠቀምኩ፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ የለቀምነውን። መጀመሪያ ባለ ነጠላውን አሳየኋቸው። ቀጥዬ ባለ ጥንዱን፣ ሁለት ባቄላ ፊት ለፊት አስቀምጬ።

"ይኼኛው እንደናንተ የሁለት ሰው መጋዝ ነው" አልኳቸው። "አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል።"

"ማን ነው እንዲህ ያለህ? መጋዝ አይገፋም" አሉ፣ ቅር ብሏቸው። "እኔ ስስብ አንተ ትለቃለህ፣ አንተ ስትስብ እኔ እለቃለሁ። ከገፋኸውማ ይጎብጣል።"

እውነታቸውን ነው። ቫልቮቹም እንደዚያው ናቸው፤ በየተራ ይስባሉ እንጂ የሚገፋ የለም። ይህንን ሰርኪዩት መጻሕፍቱ "ግፋና ሳብ" ይሉታል፣ እኔም ለዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ። መጽሐፍ ገልጠው የማያውቁ ሰው በጀሪካን ሽታ መካከል አረሙኝ።

"የሳቢዎቹ ጉልበት እኩል ካልሆነስ አባቴ?"

"መጋዙ መስመሩን ይስታል። ጣውላው ባንድ ጎን ወፍራም፣ ባንድ ጎን ስስ ሆኖ ይወጣል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከገጠመኝ አሰናብተዋለሁ። በትንሿ መጋዝ ብቻዬን እሠራለሁ። ይዘገያል። ግን ቀጥ ይላል።"

ከሁለቱ ባቄላዎች አንዷን ነቀዝ በልቷታል። አነሷትና በብርሃኑ በኩል አይተው ወረወሯት። "ይችን ተዋት" አሉኝ።

ሁለት ወር ያልቆረጥኩት ነገር እንዲህ ተቆረጠ። ሳቄ መጣ፤ እዚያ ቤት የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ሐጂ ግን ለእሳቸውም አልነገርኩም፣ በየጥጉ ወሬ ለቃሚ አለ ይባል ነበርና። አንድ ነገር እንደያዝኩ ሳይገባቸው አልቀረም። "ሆድ ከሀገር ይሰፋል መምህር" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ወዲያው ጀሪካኑ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረና ሥዕሉን ከነባቄላው ወሰደው። እግራችንን ሰብስበን ተቀመጥን፣ የሚደፋው ባለተራ እስኪጠራ።

መርማሪው በማግሥቱ አስጠራኝ። ደብተሩ አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ።

"መምህር፣ ቤት ያለው ስፒከሬ አንድ ጎኑ ዝም አለብኝ" አለ። "ምን ሊሆን ይችላል?"

ወጥመድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ወጥመድ አልነበረም። እውነትም ስፒከሩ ተበላሽቶበት ነው።

"የሁለቱን ስፒከሮች ገመድ አቀያይረህ ሰካቸው" አልኩት። "ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ ስፒከሩ ደህና ነው ማለት ነው።"

"ያ ከሆነ የተበላሸው አምፕሊፋየሩ ነዋ" አለ፣ ቃሉን አሳምሮ።

አምፕሊፋየር ምን እንደሆነ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ያን ሁሉ ቀን ማሰራጫ የሚለው። ከዱላው ይልቅ ያስጠላኝ ይኼ ነው። ከሱ የባሰ ደግሞ እኔው ራሴ፦ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ጊዜ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብዬ መለስኩለት። "እንዲህ ይሻልሃል፣ አንተ መልካም ሰው ነህ" ብሎ አንድ ሲጋራ ወደኔ ገፋ አደረገ። አላጨስም።

ሁለት ቀን ቆይቶ "ባለሙያ አስመጥተንልሃል" አለኝ።

ባለሙያው ሲገባ ሽቶው ቀድሞት ገባ። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። አወቅሁት፤ ሞጣ አሥረኛ ክፍል ሳለ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያኔ በፊዚክስ ያገኘው ሠላሳ ስምንት ነበር። እናቱ ቤቴ ድረስ መጥተው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሃምሳ አደረግሁለት። እስከዚያች ቀን ድረስ ያን አሥራ ሁለት ነጥብ እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር።

ደብተሬን ተቀበለና ዘቅዝቆ ያዘው። መጀመሪያ የደነገጠ መሰለኝ። ፊደሉ ሁሉ ቁልቁል እየታየው እንኳ አላቃናውም። እርሳስ አውጥቶ በባለ ጥንዱ ሰርኪዩት ላይ ያለችውን የመሬት ምልክት ከበባት። የመሬት ምልክት አንዲት ቀጥ ያለች መስመርና ከሥሯ እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት አግድም መስመሮች ናት፤ ገመዱ እዚህ ላይ ከመሬት ይገናኛል ማለት ነው። ዘቅዝቀው ሲያዩዋት ጣሪያ ላይ የሚተከለውን የቴሌቪዥን አንቴና ትመስላለች። በጎኗ "አንቴና" ብሎ ጻፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ኩበቱን ራሱ ይዞ መምጣቱ ነው። የመሬትን ምልክት በፈተና ሁሉ አወጣለሁ፣ ነጻ ነጥብ ናት። የሳታት ተማሪ አላስታውስም።

"እርግጠኛ ነህ?" አለው መርማሪው።

"ያየሁትን ነው የምናገረው" አለ። ከዚያ ወደ ወለሉ እያየ "ቲቸር፣ ይቅርታ" ጨመረ።

የተተየበ ወረቀት ከፊቴ ቀረበ። የሬዲዮ ማሰራጫ ልሠራ እንደነበር ባለሙያ አረጋግጧል፣ ዕቃውን ያቀረበልኝ ሐጂ የተባለ ነጋዴ ነው ይላል። ከ"ሐጂ" ቀጥሎ ባዶ ቦታ ተትቷል። የቀኝ እጄን ፈቱልኝ። ከደብተሩ ጋር የወሰዱትን የራሴን ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ።

"ስሙን ሙላ፣ ፈርም፣ ሂድ" አለ መርማሪው።

ጀግና አልነበርኩም። ወረቀቱን ተውኩትና ደብተሩን ሳብኩት። አዙሬ አቃናሁት። "አንቴና" በሚለው ላይ እንደማንኛውም ፈተና የኤክስ ምልክት አደረግሁበት። ከጎኑ "መሬት" ብዬ ጻፍኩ። ከገጹ ራስ ላይ ዜሮ አስቀመጥኩና ከበብኳት። ያኔ የሰጠሁትን ነጥብ መልሼ የወሰድኩ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ በባለ ነጠላው ሰርኪዩት ዙሪያ አንድ ክብ ሠርቼ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

"ምረጥ ብለኸኝ ነበር" አልኩት። "የምሠራው ይኼን ነው። የምጽፈውም ይኼ ብቻ ነው።"

የልጁ ጆሮ ቀላ። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፣ ሽቶው ግን ቀረ። መርማሪው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ደብተሬ ላይ አኖረ። የቀረውን አልጽፍም።

ማታ መጋዘን ሲመልሱኝ አናጢው በድርሻቸው ውሃ ሸሚዛቸውን ነክረው ፊቴን ጠረጉኝ። ምን እንዳደረግሁ አልጠየቁም። "ቀጥ አለልህ?" ብቻ አሉ።

"ቀጥ አለ" አልኳቸው።

ከዚያ በኋላም ብዙ ሳምንት ቆየሁ። ፍርድ ቤት አልቀረብኩም፤ አንድ ጠዋት ስም ጠርተው ውጡ አሉን። ደብተሬን አልመለሱልኝም። አናጢውን ከኔ በፊት ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር፣ የት እንደደረሱ እስካሁን አላወቅሁም። በዚያው ጠዋት ቢቸና መናኸሪያ የሞጣ መኪና ስጠብቅ ባለሙያው መጣ። "ቲቸር፣ እንጀራ ሆኖብኝ ነው" ብሎ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። ለምን እንደጨበጥኩት አላውቅም፤ የተዘረጋ እጅ መመለስ አልለመድኩም መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ሳሙናው እስኪያልቅ ታጠብኩ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ሌላ ሳሙና አመጣችልኝ።

አምፕሊፋየሩን ባለፈው ዓመት ጨረስኩት። ባለ ነጠላ ነው። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ሥር ሥሩን ጥቂት ይጎመጉማል፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ለሐጂ ስለዚያች ስም ነግሬያቸው አላውቅም፣ የምነግራቸውም አይመስለኝም። ቢሰሙ ሱቃቸው በገባሁ ቁጥር ሊያመሰግኑኝ ነው፣ ምስጋናውም ያን ሽታ ይዞ ይመጣብኛል። ያሰሩኝ በአዋጁ ነው ብለው ያምናሉ። እውነትም በአዋጁ ነው።

ሥራውን ይዤላቸው የሄድኩ ቀን የሣጥኑን ጀርባ ክፍት አድርጌ ስልክ ሰካሁበት። ቫልቮቹ እስኪሞቁ ጠበቅን። መንዙማው ሲጀምር ሐጂ ወንበራቸውን አስጠጉ። ብዙ ከቆዩ በኋላ መነጽራቸውን አደረጉና ውስጡን ያዩ ጀመር። ገመዶቹ ሁሉ ከብረቱ የሚታሰሩባት አንዲት ብሎን አለች፤ አጠገቧ በቀይ ቀለም የጻፍኩትን አዩ።

"ይኼ ምን ይላል?"

"መሬት ይላል ሐጂ።"

"መሬት መሆኑን ማን ያጣዋል ብለህ ነው የጻፍክበት?"

"አንዳንድ ሰው አለ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጓዳ ልጃቸው ጠራቻቸው፤ የመርፌያቸው ሰዓት ደርሷል። "እንዳታጠፋው፣ መጣሁ" ብለውኝ ተነሡ።